ህጉ ይፈቅድልሃል፣ ከዛስ?

ሰሞኑን እዚህ ሜልበርን ተወልዶ ያደገ አንድ የሀበሻ ልጅ በዋትሳፕ ጥያቄ ላከልኝ። በትምህርት ቤቱ የክሪኬት ቡድን ውስጥ ከሶስቱ እንጨቶች ኋላ ቆሞ ኳስ የሚይዘው እሱ ነው። የተጋጣሚው መቺ የዚያ ኳስ ተራ ያለቀ መስሎት ከመስመሩ ወጣ ሲል ይሄኛው ወርውሮ እንጨቱን መታና አስወጣው፣ ዳኛውም አውት አለ፣ ከመስመሩ ውጪ ሳለህ እንጨቱ ተመቷልና ከጨዋታ ውጣ ማለት ነው። አሁን ክፍል ውስጥ ሌባ እያሉ ይጠሩታል። «ጋሼ እርስዎ ዳኛ ነበሩ፣ ህጉን ተከትዬ እንዴት ሌባ እባላለሁ?» ይለኛል። ለሱ በስልክ መልሼለታለሁ፣ ግን ነገሩ እንቅልፍ ስለነሳኝ ለሌሎቻችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

እኔ ክሪኬት ተጫውቼ አላውቅም። የዳኘሁት እግር ኳስ ነው፣ ያውም አዲስ አበባ የቀበሌና የፋብሪካ ቡድኖችን። ግን እዚህ በጋ ላይ ቴሌቪዥን ስትከፍቱ እሱ ነው ያለው፣ ቁጭ ብዬ ለመድኩት። እስከ አምስት ቀን የሚፈጅ፣ መሀል ላይ ለሻይ የሚቆም ጨዋታ፣ መጀመሪያ ሳየው ስቄ ነበር።

የልጁ ነገር በፈረንጆቹ 2023 ለንደን ሎርድስ ሜዳ ላይ ቤርስቶው ላይ የደረሰው ራሱ ነው። እንግሊዛዊው ቤርስቶው ጎንበስ ብሎ ኳሷን አሳለፈና መሬቱን በጫማው ጫር አድርጎ ወደ ጓደኛው መራመድ ጀመረ፣ የአውስትራሊያው ኬሪ ግን ኳሷን እንደያዘ ወዲያው ወርውሯት ነበር። አውት። በህጉ ምንም የሚያከራክር የለውም። ግን ሜዳው ተገለባበጠ፣ ክራባት ያሰሩት የሎርድስ ክለብ ሽማግሌ አባላት ሳይቀሩ የአውስትራሊያን ተጫዋቾች አዳራሹ ውስጥ ሲሰድቡ ታዩ፣ ሶስቱ ታገዱ፣ የሁለቱ ሀገር ጠቅላይ ሚኒስትሮችም ገቡበት። እኔን ያሳቀኝ የእንግሊዙ አሰልጣኝ ማከለም ነው፣ ከነሱ ጋ ቢራ አልጠጣም ዓይነት ነገር ተናገረ፣ እሱ ራሱ ለኒውዚላንድ ሲጫወት በ2006 የስሪላንካውን ሙራሊ፣ መቶ ነጥብ የሞላለትን ጓደኛውን እንኳን ደስ አለህ ሊል ከመስመሩ ሲወጣ ያስወጣው ሰው ነው! በኋላ ይቅርታ ጠይቋል፣ እውነት ለመናገር።

ከክሪኬት አንድ የምወደው ነገር አለ። ዳኛው ዝም ብሎ አውት አይልም፣ ተከላካዮቹ መጀመሪያ አቤት ማለት አለባቸው፣ አምበሉም ዳኛው ከፈቀደለት አቤቱታውን መልሶ ማንሳት ይችላል። ምርጫው ተጫዋቹ እጅ ላይ ነው ያለው ማለት ነው። እግር ኳስ ላይ እንዲህ የሚል ህግ የለም፣ እኔንም የሚቆጨኝ እዚህ ጋ ነው።

በ70ዎቹ መጨረሻ ነው፣ የክረምት ውድድር፣ ጃንሜዳ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፣ የሜዳው መስመር ታጥቦ ጠፍቷል፣ ፊሽካዬ ጭቃ ገብቶበት እንደ በሽተኛ ወፍ ነበር የሚጮኸው። በነገራችን ላይ ያኔ የዳኛ ፊሽካ ማግኘት ራሱ መከራ ነበር፣ ያቺን አንድ አጎቴ ከጅቡቲ ነው ያመጣልኝ። ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ ሆኖ ወደ ማለቂያው ደርሷል። የአንዱ ቡድን አጥቂ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ወደቀ፣ ኳሷ የነበረችው በተጋጣሚው በረኛ እጅ ነው፣ ቀጭን ረጅም ልጅ፣ ዳቦ ቤት ነበር የሚሰራው። አየውና ኳሷን ወደ ውጪ ለጋት። ቲፎዞው አጨበጨበ። ልጁ ታሽቶ ተነሳ፣ ጓደኛው የእጅ ውርወራውን ወደ በረኛው ሊመልስለት ወረወረ፣ በዚህ መሀል ተቀይሮ የገባ አንድ ልጅ ነገሩን ይወቀው አይወቀው እንጃ፣ ኳሷን ቀምቶ እየሮጠ ሄዶ አገባ። በረኛው እጁን እንኳን አላነሳም፣ ቆሞ አየው።

ጎል ነው። ምን ልል እችላለሁ? ውርወራው ትክክል ነው፣ ጥፋት የለም፣ ኳስ መልሱ የሚል ህግ የለም። ወደ መሀል አመለከትኩ። ጭቃ ወረደብኝ፣ ድንጋይም ነበረበት። ያገባው ቡድን አምበል፣ ትልቅ ሰው ነው፣ የተከበረ፣ እየሮጠ መጣና «ምን ይደረግ?» አለኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ህጉ ጎል ነው ይላል» አልኩት። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር እስከዛሬ አይረሳኝም፣ ተንፈስ አለ። ሸክሙን እኔ ወሰድኩለት። ከዛ ሄዶ ለልጆቹ «ዳኛው ጎል ብሏል» አላቸው፣ በቃ፣ አለቀ።

ውሳኔው ትክክል ነበር፣ አሁንም ቢመጣ ጎል ነው የምለው። ግን «እኔ ጎል ብያለሁ፣ አንተ ደግሞ ልጆችህን ገለል አድርገህ እነሱም እንዲያገቡ መተው ትችላለህ፣ የሚከለክልህ የለም» ብለው ምን ነበረበት? በ1999 ካኑ ለአርሰናል በመጀመሪያ ጨዋታው እንዲሁ የሚመለስ ኳስ ቀምቶ ለኦቨርማርስ አቀብሎ ሲያስገባና አሰልጣኙ ቬንገር ጨዋታው ይደገም ሲል፣ ኋላም በ2019 የሊድሱ አሰልጣኝ ቢየልሳ፣ ቡድኑ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ለመውጣት በሚታገልበት ዓመት፣ የተጋጣሚው የአስቶን ቪላ ተጫዋች ወድቆ ሳለ ልጆቹ ስላገቡ ቪላዎችም ያግቡ ብሎ ሲያዝ (አንድ የራሱ ተከላካይ እንኳን እምቢ ብሎ ሊያስቆም ሞክሮ ነበር) የታየኝ ያ አምበል ነው። በረኛው ግን ከዛ በኋላ በሌላ ጨዋታ ሰው ወድቆ ሲጮህ ኳሷን አቅፎ ሲጫወት አየሁት። ስጠጋው «ጋሼ፣ ህጉ አውጣ ይላል እንዴ?» አለኝ። ምን ልመልስለት?

የህንዱ የክሪኬት አምበል ድሆኒ በ2011 እንግሊዝ ውስጥ ያደረገውን ፈልጋችሁ እዩት። የእንግሊዙ መቺ ቤል የሻይ ሰዓት የደረሰ መስሎት ሄደ፣ ህንዶቹ አስወጡት፣ በህጉ አውት ነው። በሻይ ሰዓት የእንግሊዝ አምበልና አሰልጣኝ መጥተው ለመኑት፣ አቤቱታውን አነሳ፣ ቤልም ተመልሶ መታ። እናንተ የምታዩት ግን ሃያ ሰከንድ ክሊፕ ነው፣ ከስሩ «ሌባ» «ጀግና» ብላችሁ ታልፋላችሁ። ቫር (የቪዲዮ ዳኛው) ካየው በኋላ ምንም የሚታሰብ ነገር የቀረ የማይመስለው ትውልድ! ይቅርታ፣ የኛም ትውልድ ድንጋይ ነበር የሚወረውረው።

ደግሞ ሁሉን ነገር ጨዋነት ማለት አይደለም። ወርዋሪው ኳሷን ሳይለቅ በሱ በኩል ከመስመሩ ሾልኮ የሚሮጠውን ሁለተኛ መቺ ማስወጣት ለኔ ነውር የለውም። ህንዳዊው ማንካድ በ1947 ሲድኒ ላይ እንዲህ ስላደረገ ድርጊቱ በሱ ስም መሰደቢያ ሆኖ ቀረ፣ እርምጃ የሰረቀውን ሰው ግን ማንም ስሙን አያነሳም። ህጉ ራሱ በ2022 ይህን ከነውር ዝርዝር አውጥቶ እንደማንኛውም አውት አደረገው። ስለዚህ ልጆች «መጀመሪያ አስጠንቅቀው» ሲሉኝ ጥሩ ነው እላለሁ፣ ግን ሌባ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው ሲባል ደግሞ ያናድደኛል። ሁለቱም ይሰማኛል፣ ምን ላድርግ።

በሜትር የሚለካውም ሌላ ነው። ደራራ ሁሪሳ በ2021 ቪየና ማራቶንን በ2:09:22 አሸንፎ የጫማው ሶል ከተፈቀደው 4 ሳንቲሜትር በ1 በልጦ ሲሰረዝ ሀገር ሁሉ ተቆጣ። እኔም አዘንኩለት፣ ላቡ የራሱ ነበር። ግን እዛ ላይ አቤት የሚል የለም፣ ምህረት የሚያደርግ አምበልም የለም፣ ሶስት ሰከንድ ኋላ የገባው ኬንያዊ መብቱን ለምን ይተው? ጫማህን ከመሮጥህ በፊት ትለካለህ፣ ወይም የሚለካልህ ሰው ይኖርሃል፣ በቃ።

እስካሁን ያልቆረጥኩበት የሻኪብ ነገር ነው። በ2023 የዓለም ዋንጫ ዴልሂ ላይ የስሪላንካው ማቲውስ ሊመታ ገብቶ የሄልሜቱ ማሰሪያ ተበጠሰ፣ ሌላ እስኪመጣ ለመዘጋጀት የሚሰጠው ሁለት ደቂቃ አለፈ፣ የባንግላዴሽ አምበል ሻኪብ አቤት አለ፣ አንድ ኳስ ሳይመታ ወጣ። ከዛ በፊት በኢንተርናሽናል ክሪኬት ታሪክ እንዲህ ሆኖ አያውቅም ነበር። ማቲውስ ሄልሜቱን እያሳየ ለመነው፣ ሻኪብ እምቢ አለ። ለሀገሩ ማሸነፍ ነበረበት፣ ይገባኛል፣ አሸነፉም። ግን የተበጠሰ ማሰሪያ እያየህ? ልጄ ደግሞ «አባዬ፣ ሁለት ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ነው» ይለኛል፣ እሱ አካውንታንት ነው። ስሪላንካዎቹ ከጨዋታው በኋላ እጅ ሳይጨብጡ መሄዳቸውን ግን አልወደድኩትም፣ ህጉን ያወጣው ሻኪብ አይደለማ።