ልጄ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው፤ ቤት ምን ላስጠናው? የወላጆች ጥያቄና መልስ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ፤ 17 ዓመት አስተምሬያለሁ። ነሐሴ በገባ ቁጥር ደረጃ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ "ሚስ፣ ልጄ ሊገባ ነው፤ ቤት ምን ላስጠናው?" ይለኛል። ዘንድሮ ደረጃ ላይ ከምንቆም ብዬ እሁድ ከሰዓት ኮሚናላችን (የጋራ መገልገያ ቤታችን) ውስጥ ተሰበሰብን። ቡና ተፈላ። ከኮዬ ፈጬና ከገላንም የመጡ ነበሩ። የተጠየቅኩትንና የመለስኩትን ያልመጣችሁም እንድታነቡት ጻፍኩት።

ልጄ 4 ዓመት ከ6 ወሩ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ስሙን ይጽፋል፣ የኔ እርሳስ እንኳን በደንብ አይዝም። በየቀኑ አንድ ገጽ ሀ ሁ አስጽፈዋለሁ፣ እሱ ያለቅሳል። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ ደብተሩን ለጊዜው አስቀምጪው። ልጅሽ ሰነፍ አይደለም። እጁ ገና አልጠናም። 1ኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመቱ ነው፤ ጊዜ አለው።

እርሳስ ከመያዙ በፊት ጣቶቹ ሌላ ሥራ ይፈልጋሉ። ያ ሥራ ደግሞ ኩሽናሽ ውስጥ ሞልቷል። ዳቦ ስትጋግሪ ከሊጡ ቆንጥረሽ ስጪው። ያድቦልቡለው፣ እባብ ይሥራበት። ምስር ስትለቅሚ አጠገብሽ ይቀመጥ። ጠጠሯን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጥሮ ሲያወጣ፣ እርሳስ የሚያዝበትን አያያዝ እየተለማመደ ነው። ልብስ ስታሰጪ መቆንጠጫውን እሱ ይጫን። ነጭ ሽንኩርት ይላጥ። የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ይቆልፍ፤ ጠዋት ቢያስረፍድሽም ታገሺው።

ከዚያ ጠመኔ ግዢለትና በረንዳው ሲሚንቶ ላይ ይሳል። ቀጥ ያለ መስመር፣ አግድም መስመር፣ ክብ። ፊደሎቻችን የተሠሩት ከነዚሁ ነው። ወረቀት ላይ ሲመጣም ረጅም አዲስ እርሳስ አትስጪው። ቁራጭ እርሳስ ወይም የተሰበረ ከለር ይሻላል። አጭር ስለሆነ በመዳፉ መጨበጥ አይችልም፤ በጣቶቹ ጫፍ ለመያዝ ይገደዳል። ደግሞ እንቁጣጣሽ እየመጣ ነው። አበባ ስሎ፣ ቀለም ቀብቶ ለጎረቤት የሚሰጥ ልጅ ሳያውቀው ስንት ሰዓት እጁን ያሠራል!

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ልጅ በግድ አስጽፍ ነበር። ደብተር ሳወጣ እጆቹን ጠረጴዛ ሥር ይደብቅ ጀመር። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ለዚህ ነው አጥብቄ የምነግርሽ።

ልጄ ሀ ሁ ሂን ከዳር እስከ ዳር በዜማ ትላለች። መሃል ላይ አንዷን ስጠቁማት ግን አታውቃትም።

ይሄ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎችም ያውቁት ነበር። ሀ ሁን የጨረሰ ተማሪ ወደ አቡጊዳ ሲዛወር፣ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እየተባለ ፊደሉ በሌላ ተራ ይመጣበታል። በዜማ ብቻ የሸመደደ እዚያ ላይ ይያዛል። በስንደዶ ወይም በቀጭን እንጨት ፊደሏን እያስነኩ ማስቆጠሩም ትልቅ ጥበብ ነው። እናንተም ዜማውን አታስቁሟት፣ ግን ጣቷ የምትጠራውን ፊደል ይንካ። ከዚያ ተራውን ቀይሩባት።

33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። ብዙ ነው። ነገር ግን ሁሉም ለየብቻው የሚሸመደድ አይደለም። ሰ እና ሸን ጎን ለጎን አሳዩአት። ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ዘ እና ዠ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨም እንደዚሁ ናቸው። ታላቅና ታናሽ ይመስላሉ፤ አንዱ ላይ ጭረት ይጨመርና ድምፁ ይለወጣል። ልጆች ይህንን ራሳቸው ሲያገኙት ፊታቸው ይበራል። ካዕቡ (ሁለተኛው ድምፅ) ደግሞ ብዙ ጊዜ በስተቀኝ ወገቡ ላይ ክንድ ያወጣል፤ ሉ፣ ቡ፣ ሙ። ኃምሱ (አምስተኛው) እግሩ ሥር ቀለበት አለው፤ ሌ፣ ቤ፣ ሜ። አስቸጋሪው ሳድሱ (ስድስተኛው) ነው። ል፣ ም፣ ር፣ ን አንድ ዓይነት ሕግ የላቸውም። እዚያ ላይ ብትዘገይ አትቆጧት።

ከየት ልጀምር ካላችሁ ከስሟ ጀምሩ። ስሟ ሦስት ፊደል ከሆነ እነዚያን ሦስት። ቀጥሎ እማዬ፣ አባዬ፣ ዳቦ፣ ቡና። ፊደሎቹን የለስላሳ ቆርኪ ላይ በፓርከር ጻፉና ትገጣጥማቸው። ትሪ ላይ ስስ ዱቄት በትናችሁ በጣቷ ትጻፍ፤ ስትሳሳት ነቅነቅ ማድረግ ነው፣ ይጠፋል። ላጲስ የለም፣ የተቀደደ ወረቀት የለም። መንገድ ላይ ደግሞ የሱቁን ጽሑፍ፣ የዳቦ ቤቱን፣ የሻይ ቅጠሉን ካርቶን "የስምሽን ፊደል ፈልጊ" በሏት።

ጆሮዋንም አትርሱት። "በቡ የሚጀምር ምን አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ቡና፣ ቡችላ፣ ቡሄ! "ሰላም" ስትሉ ለእያንዳንዱ ፊደል አንዴ አጨብጭቡ፤ ሰ፣ ላ፣ ም። ከፊደል በፊት ድምፅ የለየ ልጅ ማንበብ ይቀለዋል።

ሀ፣ ሐ እና ኀ ለምን ሦስት ሆኑ ብላ ከጠየቀች፣ "ክፍልሽ ውስጥ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሦስት ልጆች እንዳሉ አስቢው" በሏት። ለዚህ ዕድሜ በቂ ነው።

በእንግሊዝኛ እስከ 100 ይቆጥራል። 5 ማንኪያ አምጣ ስለው ግን እፍኝ ሙሉ ያመጣል።

እስከ 100 ማለቱ ዜማ ነው። ቁጥር የሚገባው አንድ ነገር፣ አንድ ስም ሲሆን ነው። ስለዚህ በነካው ነገር ይቁጠር። የቤታችሁን ደረጃ ስትወጡ አንድ፣ ሁለት እያላችሁ። ምሳ ሲቀርብ "ስንት ሰው ነን? ስንት ብርጭቆ ይበቃናል?" ይባል። በሽንብራ 3 እዚህ፣ 2 እዚያ አድርጎ ይቀላቅልና ይቁጠር። የቡሄ ዕለት ሆያ ሆዬ ጨፍሮ ያመጣውን ሳንቲም ራሱ ይደርድር፤ ከዚያ በላይ የሚጥም የሒሳብ ትምህርት አላውቅም። ገበጣ የሚችል አያት ካለማ ምን ትፈልጋላችሁ! ጠጠሩን አንድ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ እየጣለ ይቆጥራል፣ ቀድሞ ያስባል፣ ተራ ይጠብቃል። ሰኞ ማክሰኞም ቁጥርና የሳምንቱን ቀናት እየዘለለ የሚማርበት ጨዋታ ነው።

አሁን ደግሞ ጳጉሜ እየመጣች ነው። ወረቀት ላይ ሳጥን ሥሩና በየቀኑ አንድ ያጥቁር። 13 ወር እንዳለንና ጳጉሜ 5 ወይም 6 ቀን ብቻ እንደሆነች በዚያው ይማራል።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ወጥቼ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ነው የምገባው። መርካቶ ነው ሥራዬ። ልጄን የማየው ተኝታ ነው። እኔ ምን ላስተምር? (አንድ አባት)

ወንድሜ፣ ይህን ስትጠይቅ ድምፅህ ሲሰበር ሰማሁት። እዚህ ዳር ያለን ብዙዎቻችን ቀናችንን የሚበላው መንገዱ ነው። ግን ማስተማር ሁለት ሰዓት መቀመጥን አይጠይቅም። በምሳ ሰዓትህ 5 ደቂቃ ደውልላት። "ምን በላሽ?" ብቻ አትበላት። "ዛሬ ምን አየሽ? ከዚያስ? ለምን ይመስልሻል?" በላት። ነገር በቅደም ተከተል መናገር የንባብ መሠረት ነው። ቀን አብራት የምትውለውን ሞግዚትም አክብረህ አስረዳት። ልጅህን የምታስተምረው እሷ ናት። ምስሩን፣ መቆንጠጫውን፣ ዱቄቱን ለእሷ ንገራት። "ዛሬ ምን ሠራችሁ?" ብለህ እሷንም ጠይቃት።

እሁድ ደግሞ ያንተ ናት። ከልጅህ ጋር ገበያ ሂድ። ሽንኩርት ትምረጥ፣ ሚዛኑን ትይ፣ መልሱን ትቀበል። አውቶቡስ ከተሳፈራችሁ የታርጋ ቁጥር አንብቡ፤ "7 ያለበት መኪና ማን ቀድሞ ያያል?" ተባባሉ።

ቤታችን የምንነጋገረው በአፋን ኦሮሞ ነው። ትምህርት ቤቱ አማርኛና እንግሊዝኛ ነው። ልጁ ግራ አይጋባም?

ቋንቋው አያደናግረውም። ኮዬ ፈጬ ሜዳ ላይ ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች እይ፤ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ሁለቱንም ይናገራሉ። ቤት ውስጥ የራሳችሁን ቋንቋ አታቋርጡ። በናቱ ቋንቋ ብዙ ቃል ያለው ልጅ ሌላውን ቶሎ ይይዛል።

የሚያደናግረው ጽሕፈቱ ነው። ቁቤና (አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል) እንግሊዝኛ ምልክታቸው አንድ፣ ድምፃቸው ሌላ የሆነበት ቦታ አለ። በእንግሊዝኛ ኤክስ የሚባለው በቁቤ ጠ ነው፤ ሲ የሚባለው ደግሞ ጨ ነው። ስለዚህ ሦስቱንም በአንድ ሳምንት አታስጀምሩት። አንዱ ይጽና፣ ሌላው ይከተል። ሲጀመርም ቦታውን ለዩለት፤ ቁቤ ከአባቱ ጋር፣ የአማርኛ ፊደል ከእህቱ ጋር ቢሆን ጥሩ ነው።

እንግሊዝኛ እንዲለምድ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ላናግረው?

በደንብ የምትችሉት ከሆነ ችግር የለም። ካልሆነ ግን ተዉት። "ካም፣ ሲት፣ ኢት" እየተባለ ያደገ ልጅ ቁጣውን፣ ፍርሃቱን፣ ሕልሙን የሚናገርበት ቃል ያጣል። እንዲህ ዓይነት ልጆች ክፍሌ ውስጥ አጋጥመውኛል፤ ያሳዝኑኛል።

ልጄ በግራ እጇ ነው የምትስለው። ሰው "አስለውጣት" ይለኛል።

አታስለውጪያት። ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ግራኝ ነው። ወረቀቱን በትንሹ ወደ ቀኝ አዘንብዪላት፣ ብርሃኑ በቀኝ በኩል ይምጣላት፤ ክፍል ስትገባም በግራ ጫፍ እንድትቀመጥ ለመምህሯ ንገሪ።

ስልክ ላይ ፊደል የሚያስተምር ቪዲዮ እከፍትለታለሁ። ጥሩ አይደለም?

ትንሽ ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከ3 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ላይ ተቀምጦ እንዳይውል ይመክራል፤ እንቅልፉ ደግሞ የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንዲሆን። እኔ የምለው፣ አብራችሁ እዩት። አስቁማችሁ ጠይቁት። እኛ አባባ ተስፋዬን በቴሌቪዥን ስናይ ቤተሰብ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር፤ ተረቱ ሲያልቅ ወሬው ይቀጥል ነበር። ብቻውን ጥግ ይዞ የሚያይ ልጅ ያ ወሬ ይቀርበታል።

እኔ አልተማርኩም፣ ልጄ። የልጅ ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ። ማንበብ ሳልችል ምን ላግዘው? (አንዲት እናት፣ 70 የሚሆናቸው)

እማማ፣ እዚህ ካለነው ሁሉ የሚያስፈልገውን ይዘው የመጡት እርስዎ ነዎት። "ተረት ተረት" ብለው "የላም በረት" የሚል ልጅ አጠገብዎ አለ አይደል? ተረት የሰማ ልጅ መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ እንዳለ ያውቃል። ቃላቱ ይበዛሉ። መጽሐፍ ሲገጥመው ታሪኩ እንግዳ አይሆንበትም። መብራት የሚጠፋባቸው ምሽቶች የርስዎ ናቸው። ግማሹን ነግረው "ከዚያስ ጦጢት ምን ያደረገች ይመስልሃል?" ይበሉትና ይጨርሰው። በሚቀጥለው ቀን እሱ ይንገርዎ፣ እርስዎ ያድምጡ።

እንቆቅልሽም አለ። "እንቆቅልሽ!" ሲሉት "ምን አውቅልሽ" ይበል። "እያለቀሰች የምታልቅ?" ሻማ። መልሱ ሲጠፋው አገር ይስጥዎ። በኋላ ራሱ እንዲፈጥር ይጠይቁት፤ የአንድን ነገር ጠባይ አስቦ፣ ደብቆ መናገር ከባድ ትምህርት ነው። መጽሐፍ ሲያመጣ ደግሞ ሥዕሉን አይተው ታሪክ ይፍጠሩለት። ፊደሉን እሱ ቆይቶ ለርስዎ ያስነብብዎታል።

እማማ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከዚያ አንድ ተረት ነገሩን፤ ልጆቹ ከውጭ ኳሳቸውን ጥለው ገቡ።

5 ዓመቱ ነው፣ ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚያገጣጥመው። ሲገባ ይለቀዋል ይሉኛል።

ይህን አትጠብቂ። ከኋላው ስትጠሪው ይዞራል? ጆሮው ታሞ ያውቃል? በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ውሰጂውና ጆሮውን ይታይ። ከዚያ ወዴት እንደምትሄጂ እዚያ ይነግሩሻል። የማንም ጥፋት አይደለም፤ ቶሎ መታየቱ ግን ብዙ ለውጥ ያመጣል።

በመጀመሪያው ቀን እንዳታለቅስ ምን ላድርግ?

ልታለቅስ ትችላለች። ምንም አይደለም። ከአሁኑ ግን በሩ ድረስ ወስደሽ አሳያት። በአንቺ ፈንታ አክስቷ ጋ አንድ ሰዓት ትቆይ፤ እናቷ ሄዳ እንደምትመለስ ትየው። ስትሄጂ ተደብቀሽ አትጥፊ። ስመሽ፣ "ምሳ በልታችሁ ስትጨርሱ እመጣለሁ" ብለሽ፣ በሰዓቱ ድረሺ።

ከፊደል በፊት እነዚህን ታውቅ። ምሳ ዕቃዋን መክፈትና መክደን። የውሃ ኮዳዋን ማጥበቅ። ሽንት ሲመጣ "ሚስ፣ ሽንቴ መጣ" ማለት፣ ሱሪዋን ራሷ አውርዳ መልበስ፣ እጇን በሳሙና መታጠብ። ሙሉ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የምትኖርበትን ብሎክ። ስልክ ቁጥርሽንም በዜማ አስጠኛት። በየዓመቱ መስከረም ላይ የምሳ ዕቃው ክዳን እምቢ ብሎት ምግቡን ሳይነካ የሚመለስ ልጅ አገኛለሁ። ዛሬ ማታ እራቷን ከዚያው ዕቃ ትብላ፣ ክዳኑን ራሷ ትክፈተው።