መልስ፦ ከኮቪድ በኋላ የአንጎል ቀዶ ሕክምና

አብሽሪ እህቴ። አባትሽ ኮቪድ ከያዛቸው ገና ሦስት ሳምንታቸው ስለሆነ የአንጎል ዕጢው ቀዶ ሕክምና ይዘግይ ወይ ብለሻል። እ.ኤ.አ. በ2020 በ24 አገሮች በተደረገ ጥናት፣ በቀዶ ሕክምናው ሰሞን ቫይረሱ ከተገኘባቸው 1,128 ሕመምተኞች (የአንጎል ብቻ አይደለም) 23.8 በመቶው በ30 ቀናት ውስጥ ሞተዋል፤ ከ1,128ቱ ግማሽ ያህሉ የሳንባ ችግር ገጥሟቸዋል። ስለዚህ በ2021 ከተቻለ ሰባት ሳምንት መጠበቅ ይመከር ነበር፤ አሁን ግን እንደ ሕመምተኛው ሁኔታ ይወሰናል።

ዕጢ ግን ሁልጊዜ ጊዜ አይሰጥም። የአንጎል ዕጢ የነበረባት አክስቴ በ2012 ወረርሽኙን ፈርታ ለሕክምና ከሐይቅ ከተማ ሳትወጣ ወራት ቆየች። መጀመሪያ የቡና ሲኒው ከእጇ ይወድቅ ነበር፤ ቀኝ እጇ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ይህ ያንገበግበኛል።

ቀኑን ከቀዶ ሐኪማቸው ጋር ወስኑ። ደጋግሞ ካስመለሳቸው፣ እንቅልፍ ከተጫናቸው ወይም አንድ ጎናቸው ከደከመ ግን ሳምንት አትቁጠሪ፤ በዚያው ሌሊት ደሴ ሆስፒታል አድርሻቸው።