የመቶ ዓመት እንጨት ልጆቼን ይሸከማል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጆቼ ኮኒ አይላንድ በሚባለው የከተማችን መዝናኛ ስፍራ የሚገኘውን «ሳይክሎን» የተባለ የእንጨት ሮለር ኮስተር (ሽቅብ ቁልቁል በሐዲድ የሚሮጥ የመዝናኛ ጋሪ) ካልተሳፈርን ብለው ያዙኝ ልቀቁኝ እያሉ ነው። መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል አሉ፤ ሲንቋቋ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። እንጨት ይበሰብስ የለም እንዴ? (የሁለት ልጆች እናት፣ ከኒውዮርክ)

መልስ፦ እህቴ፣ ዕድሜዬን በአናጺነት ስለፈጀሁ እንጨት ሲታማ ዝም ብዬ አላልፍም። በመጀመሪያ ነገር የሳይክሎን ምሰሶና ወራጅ ብረት ነው። እንጨት የሆነው ሐዲዱ ነው፤ እሱም ሳንቃ በሳንቃ ላይ ተደራርቦ የተመታ፣ መንኮራኩሩ በሚረግጠው በኩል ብረት የተለበጠበት ነው። የደከመው ሳንቃ ይነቀልና አዲስ ይተካበታል። በእርጅና የሚታማው እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1927 የወጣለት ቅርጽ ነው። በየጠዋቱም ሰው ከመግባቱ በፊት ሠራተኞች ሐዲዱን በእግራቸው እየሄዱ ይፈትሹታል።

ድምፁን በተመለከተ፣ እንጨት ሸክም ሲያርፍበት በጥቂቱ ይለምጣል፤ ሲነሳለት ይመለሳል። የዝግባ ወለል ሲረግጡት እንደሚያቃስተው ማለት ነው። ዳገቱን ሲወጣ የሚሰማው «ቀጭ፣ ቀጭ» ግን ሌላ ነው። ከጋሪው ሥር ያለች የብረት ምላስ በተደረደሩ ጥርሶች ላይ እየዘለለች የምታሰማው ነው። የሚጎትተው ሰንሰለት ቢበጠስ ጋሪው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የምትይዘው እሷ ናት። እኔን የሚያስፈራኝ ያ ድምፅ ድንገት ቢጠፋ ነበር!

ጫፉ 26 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ሞተር የለም፤ ጋሪው በገዛ ክብደቱ፣ ወደ 60 ዲግሪ በሚጠጋ ቁልቁለት ይወረወራል፤ ፍጥነቱም በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጉዞው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ሲከፈት ዋጋው 25 ሳንቲም ነበር፤ የዛሬውን ባላነሳው ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከተማዋ አፍርሳው አጠገቡ ያለውን የዓሣ ማሳያ ልታሰፋበት ነበር፤ ወዳጆቹ ተሟግተው አተረፉት። እ.ኤ.አ. በ1988 የከተማዋ ቅርስ ሆነ።

የእኔ ስጋት ከብስባሴው ይልቅ ለወገብና ለአንገት ነው። የእንጨት ሐዲድ እንደ ብረቱ ለስላሳ አይደለም፤ ያናውጣል። እርስዎ የወገብ ሕመም ካለብዎት ታች ሆነው ይጠብቋቸው። ቁመቱ 1.37 ሜትር ያልሞላ ልጅ አይሳፈርም፤ በር ላይ ቆሞ መለመን ዋጋ የለውም፤ ቤት ሳሉ ይለኩት። ፊት የተቀመጠ ባሕሩን ያያል፤ ቁልቁለቱንም ቀስ ብሎ ይጀምረዋል። የኋላው ጋሪ ግን የፊተኞቹ አስቀድመው ስለሚጎትቱት ጫፉን በሩጫ ያልፋል፤ ከወንበር ብድግ የሚያደርገውም እሱ ነው። እኔ የኋላውን እወዳለሁ፤ ለጀማሪ ልጆች ግን የፊቱን ይምረጡላቸው። መነጽርና ስልካቸውን እርስዎ ይያዙላቸው፤ አብረው የሚሳፈሩ ከሆነም ነጠላዎን አጥፈው ቦርሳ ውስጥ ያስገቡ።