ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ቋሚ ፕሎቶችን በፎቶ ስለመከታተል

ወንድሜ፣ የጠየቅከው “ከብት እንዳይገባበት በተከለለው ተራራ ላይ ያሉንን ቋሚ ፕሎቶች (በየጊዜው እየተመለስን የምንለካቸውን ቁራጭ መሬቶች) በየዓመቱ ፎቶ ብናነሳ የእፅዋቱን ለውጥ ለማሳየት ይበቃል ወይ? ምን ዓይነት ካሜራስ እንግዛ?” ብለህ ነው። ከኋለኛው ልጀምር፤ ካሜራ አትግዙ። በእጃችሁ ያለው ስልክ ይበቃል። ገንዘቡን ለችካል፣ ለቀለምና ለደህና የካሜራ መቆሚያ አውሉት።

የዚህ ሥራ ትልቁ ጣጣ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ አንተ የቆምክባት ነጥብ ላይ በትክክል መቆሙ ነው። የስልክ ጂፒኤስ ጥቂት ሜትሮች ይስታል። ሸለቆ ሙሉ ለሚያሳይ ፎቶ ይህ ብዙም አይጎዳም፤ በ20 በ20 ሜትር ፕሎት ላይ ግን አንዲት እርምጃ ወደ ጎን ብትል ፊት ያለችው ክትክታ ግማሹን ትጋርድብሃለች። ስለዚህ ችካል የግድ ነው። ከመሬት ወጣ ብሎ የሚታይ ፌሮ ግን አትትከል፤ ለአንድ ሰው ጎጆ ወይም አጥር መጠገኛ መሆኑ አይቀርም፣ በዚያም አልፈርድም። እኛ አጭር ብረት ከአፈር እኩል ቀብረን፣ አጠገቡ ያለ የማይነቃነቅ ቋጥኝ ላይ ቀለም እንቀባለን። ከዚያ ፎቶው ውስጥ ቅርብ ያለ ድንጋይና ሩቅ ያለ የተራራ ጫፍ በአንድ መስመር እንዲገቡ አድርገን እናነሳለን። ችካሉ ቢጠፋ እንኳ ያ አሰላለፍ ቦታውን ይመልስልሃል።

ይህ ተራ ዘዴ እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ1868 በመቅደላ ዘመቻ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር በሰሜን ኢትዮጵያ ያነሳቸውን ፎቶዎች የቤልጅየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ140 ዓመት በኋላ ቦታቸው ድረስ ሄደው ደግመው አንስተዋቸዋል። እንዲህ ያለ የጥንት ፎቶ የተነሳበትን ቦታ የሚያገኙት የሸንተረሩንና የጫፎቹን አሰላለፍ እያዩ ነው። ውጤቱም “ድሮ ሁሉ ደን ነበር” ለምንል ሰዎች የሚያስደነግጥ ነው፤ በብዙ ቦታ የአሁኑ የእፅዋት ሽፋን ከያኔው ተሽሎ ተገኝቷል። ከአሁኑ አረንጓዴ ከፊሉ ግን ባሕር ዛፍ ነው። ፎቶ ስታነብ “አረንጓዴው ምንድን ነው?” የሚለውን ጥያቄ አትርሳ።

ወቅቱን አታዛባ። መስከረም ላይ አደይ አበባ የለበሰ ተዳፋት መጋቢት ላይ ከተነሳው ፎቶ ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ ተራራው የጠፋ ይመስላል። እኔ ጥቅምት መጨረሻን እመርጣለሁ፤ ዝናቡ አብቅቷል፣ ሣሩም ገና አልታጨደም። ሰዓቱም አንድ ይሁን፣ ዙም አትጠቀም፣ ስልኩ በራሱ ወደ ሰፊው ሌንስ እንዳይቀይርብህ ተመልከት። የፋይሉ ስም ላይ ቀኑን በአንድ አቆጣጠር ብቻ ጻፍ፤ የኛንና የፈረንጁን የቀላቀለ መዝገብ በኋላ ማንም አይፈታውም።

“ይበቃል ወይ?” ላልከው፣ አይበቃም። አግድም የተነሳ ፎቶ ሽፋኑን አጋኖ ያሳያል፤ በእፅዋቱ መካከል ያለው ባዶ መሬት ይደበቃል። ለዝርያ ቆጠራም አይሆንም፣ በተለይ ለሣር። ስለዚህ በየፕሎቱ 1 በ1 ሜትር ማዕቀፍ መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ከላይ ቁልቁል አንሱ፤ ፀሐይ ከበረታ ማዕቀፉን በሙሉ በጃንጥላ አጥሉበት፣ ግማሽ ጥላ ግማሽ ብርሃን ንባቡን ያበላሻል። ይህን ፎቶ ሳምፕል ፖይንት በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ላይ ነጥብ በነጥብ “ሣር፣ ቁጥቋጦ፣ ባዶ አፈር፣ ድንጋይ” እያላችሁ ብትለዩት በመቶኛ የሚነገር ቁጥር ታገኛላችሁ። ካኖፒዮ የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ይፈጥናል፣ ግን የሚለካው አረንጓዴውን ብቻ ስለሆነ ደረቅ ሣር አይቆጥርላችሁም። የዛፍና የቁጥቋጦ ቆጠራው በእጅ ይቀጥል።

ደግሞ ከተከለለው ቦታ ውጭ፣ ከብት በሚሰማራበት፣ ተመሳሳይ አፈርና ተዳፋት ያለው ቦታ ላይም ጥቂት ነጥቦች ያዙ። በጥያቄህ ስላላነሳኸው ነው የምጽፈው። እነሱ ከሌሉ ተራራው ያገገመው በመከለሉ ይሁን ደህና ዝናብ በመዝነቡ መለየት አትችሉም። የጥበቃ ሠራተኞቹንም አብራችሁ ውሰዱ፤ ችካሉ የት እንደተቀበረ ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው። የምንጠቀምበትን የመስክ ቅጽ ከፈለግክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ እልክልሃለሁ።