የተሸለመ ሶላር ፓኔል ለድሬ ሙቀት ይበጃል? ጥያቄና መልስ

ድሬዳዋና ዙሪያዋ ሶላር እገጥማለሁ። ስለ ፓኔል ጥራትና ሽልማት ለላካችሁልኝ ጥያቄዎች መልሴ ይኸው።

ከከዚራ፦ ሻጩ «ቲየር 1 ነው» አለኝ። የጥራት ሽልማት ነው?

አይደለም አቦ። ብሉምበርግ ኤንኢኤፍ የሚባል የኃይል ገበያ አጥኚ ድርጅት የሚያወጣው የአምራቾች ዝርዝር ነው። ባንኮች በዚያ አምራች ፓኔል ለሚሠሩ ፕሮጀክቶች ማበደር አለማበደራቸውን ነው የሚያየው። ድርጅቱ ራሱ «ጥራት አትለኩበት» ይላል።

ከመጋላ፦ ታዲያ የምር እውቅና የሚባለው የቱ ነው?

እኔ ከሁሉ የማከብረው እ.ኤ.አ. በ2023 የተሰጠውን የንግሥት ኤልሳቤጥ የምህንድስና ሽልማት ነው። ያገኙት ማርቲን ግሪን፣ አንድሪው ብሌከርስ፣ አይሁዋ ዋንግ እና ጂያንሁዋ ዣኦ ናቸው። በ1980ዎቹ አውስትራሊያ ውስጥ «ፐርክ» የሚባለውን ሴል (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን የፓኔል ክፍል) ሠሩ። ከሴሉ ጀርባ ስስ ሽፋን አደረጉለት። ሽፋኑ ሳይያዝ ያለፈውን ብርሃን ወደ ሲሊከኑ ይመልሰዋል፣ ጀርባው ላይ ይባክን የነበረውንም ኤሌክትሪክ ይቀንሳል። ያ ሥራ ዛሬ በየጣሪያው ላይ አለ። ሽልማት እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል።

ለገዢ የሚጠቅመው ደግሞ ኪዋ ፒቪኢኤል የሚባለው የፓኔል መፈተሻ ላብራቶሪ ዓመታዊ ሪፖርት ነው። ፓኔሉን በሙቀትና በቅዝቃዜ እያፈራረቁ፣ በእርጥበት፣ በጫና ይፈትኑታል። ጎበዞቹን በሞዴል ስም ይዘረዝራሉ። የኩባንያው ስም ብቻ አይበቃም፤ ሞዴሉን አመሳክር።

ከሳቢያን፦ 550 ዋት ገዝቼ ቀትር ላይ 550 አይሰጠኝም። ተበላሁ?

ላትበላ ትችላለህ። 550 የተጻፈው ሴሉ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ ተለክቶ ነው። ድሬ አየሩ 35 ሲሆን ጣሪያ ላይ ያለው ሴል 65 አካባቢ ይደርሳል። የተለመደ የፐርክ ፓኔል ከ25 በላይ በየዲግሪው 0.35 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የ40 ዲግሪ ልዩነት 14 በመቶ ነው፤ 473 ዋት ይቀርሃል። ሄትሮጃንክሽን የሚባለው የፓኔል ዓይነት ቅናሹ በየዲግሪው 0.26 በመቶ አካባቢ ስለሆነ በዚያው ሙቀት 493 ይሰጣል። ለእኛ ከተማ ትልቁ ፈጠራ ይሄ ነው፤ በሻጮቻችን ዘንድ ግን ብዙም አይወራለትም።

ፓኔሉን ቆርቆሮው ላይ አትለጥፈው። ከሥሩ ንፋስ እንዲገባ ከፍ አድርገህ አስገጥም።

ከሐረር፦ እኛስ?

እናንተ ከእኛ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናችሁ፣ አየሩም ቀዝቀዝ ይላል። ያው ፓኔል እናንተ ጋ የተሻለ ይሠራል። ለሄትሮጃንክሽን ብላችሁ ብዙ ብር አትጨምሩ።

ከድል ጮራ ሆስፒታል አካባቢ፦ ሱቅ ስገባ ምን ልጠይቅ?

ዳታሺቱን፣ ማለትም የፓኔሉን መግለጫ ወረቀት። «ቴምፕሬቸር ኮኤፊሸንት» የሚለውን፣ በየዲግሪው ስንት በመቶ እንደሚቀንስ የሚነግርሽን መስመር ፈልጊ፤ ከዜሮ ብዙ ባልራቀ ቁጥር ይሻላል። አይኢሲ 61215 እና 61730 የሚባሉት ዓለም አቀፍ የፓኔል ደረጃዎች መጻፋቸውን እዪ። ዳታሺቱ ላይ ያለው የሞዴል ቁጥር ከፓኔሉ ጀርባ ካለው ጋር ካልገጠመ አትክፈይ።