ስለ ቡክቾን ለጠየቃችሁኝ

ቡክቾን በሴኡል መሐል፣ በግዮንግቦክጉንግና በቻንግዶክጉንግ ቤተ መንግሥቶች መካከል ባለው ዳገት ላይ ያለ ሰፈር ነው። ሃኖክ የሚባሉት የኮሪያ ባህላዊ ቤቶች ተጠጋግተው የቆሙበት ነው። ለዓመታት በአቅራቢያው ስለኖርኩ እንግዳ በመጣ ቁጥር አስጎብኚው እኔ ነኝ። የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ለስብሰባ ነው የምሄደው፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ አለብኝ። ከእራት በኋላ ባየውስ?

አይሆንም ወንድሜ። ፎቶው ሁሉ የሚነሳበት ቡክቾን-ሮ 11-ጊል የሚባለው ጎዳናና አካባቢው «ቀይ ቀጠና» ነው። ጎብኚ የሚገባው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ብቻ ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ከ10 እስከ 17 መሆኑ ነው። ደንቡ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 በሙከራ ተጀመረ፤ ከማርች 2025 ወዲህ ሰዓቱን የተላለፈ ጎብኚ 100,000 ዎን (የኮሪያ ገንዘብ ነው) ይቀጣል። ነዋሪው፣ የነዋሪው እንግዳና እዚያው ያደረ ሰው አይመለከታቸውም።

በደንቡ የሚያማርር ብዙ ነው። እኔ ግን ከነዋሪዎቹ ጋር ነኝ። አንድ ጠዋት አንድ ጎብኚ በእንጨቱ በር ስንጥቅ አጮልቆ ወደ ውስጥ ሲያይ በሩ ተከፈተ። አንዲት አሮጊት የቆሻሻ ከረጢት አንጠልጥለው በፒጃማ ብቅ አሉ። ከሁለቱ ማን እንደደነገጠ አላውቅም፤ ያፈርኩት ግን እኔ ነኝ።

ቤቶቹ የስንት መቶ ዓመት ናቸው?

ሰፈሩ ኮሪያን ለዘመናት በገዙት በጆሰን ነገሥታት ዘመን የመኳንንትና የሹማምንት መኖሪያ ነበር፤ ዛሬ የምታዩአቸው ቤቶች ግን በአብዛኛው እ.ኤ.አ. የ1920ዎቹና የ1930ዎቹ ናቸው። ይህን ስነግራቸው ቅር የሚላቸው አሉ። ለእኔ ግን ታሪኩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። ኮሪያ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች ጆንግ ሴግዎን የሚባል ነጋዴ ሰፋፊውን የመኳንንት ይዞታ እየገዛ በትናንሽ ቦታ ከፋፈለውና ተራው ኮሪያዊ ሊገዛው የሚችል ሃኖክ ሠራበት። በጃፓናውያን ሰፋሪዎች የተጨናነቀችው ከተማ መሐሏን ለባለቤቶቹ ያቆየችው እንዲህ ባለ ሥራ ነው። ስለዚህ ጣሪያው የጥንት ሆኖ የመስኮቱ መስታወትና የግድግዳው ጡብ የዘመናዊ ቢመስላችሁ አትገረሙ፤ አብረው የተሠሩ ናቸው።

ብርዳቸው በረዶ ነው ይባላል። በእንጨትና በወረቀት ቤት እንዴት ይችሉታል?

የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። ምስጢሩ ከወለሉ ሥር ነው፤ ኦንዶል ይባላል። በጥንቱ አሠራር ማዕድ ቤቱ ከመኝታ ክፍሉ ወለል ዝቅ ይላል። ድስት የተጣደበት ምድጃ እሳቱን ወደ ጎን ይልከዋል፤ ነበልባሉና ጢሱ በወለሉ ሥር በተሠሩ ቦዮች አልፎ በቤቱ ሌላ ጫፍ ባለው ጢስ መውጫ ይወጣል። በቦዮቹ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፋል፣ ጭቃ ይመረጋል፣ ከዚያ ዘይት የጠጣ ወፍራም ወረቀት ይለጠፋል። ድንጋዩ አንዴ ከጋለ ሙቀቱን ይዞ ያድራል። እራት ያበሰለው እሳት መኝታውንም አሞቀ ማለት ነው፤ ጢሱን በከንቱ ለጣሪያ የምንለቅ እኛ ብንቀና ያምርብናል። ለምድጃው የቀረበው ሙቅ ስፍራ አሬንሞክ ይባላል፤ የሽማግሌና የእንግዳ ነው። ዛሬ በእሳቱ ፈንታ በቧንቧ የሚሄድ ሙቅ ውሃ ነው ያለው፤ አዲሶቹ ፎቆች እንኳ ወለላቸው እንዲሁ ይሞቃል።

የሙቀቱ ወራት መላ ደግሞ ማሩ ነው፤ ከመሬት ከፍ ብሎ በሳንቃ የተሠራና በሁለት በኩል የሚከፈት አዳራሽ። ነፋሱ ከሥርም ከጎንም ያልፍበታል። ጫማችሁን አውልቃችሁ ነው የምትወጡት፤ ቤተ ክርስቲያን ለለመደ ሰው አይከብድም።

ሃንቦክ የሚባለውን የኮሪያ ባህላዊ ልብስ ለብሶ ቤተ መንግሥት መግባት ነጻ ነው አሉ። በሐበሻ ቀሚስ ብሄድስ?

ያምርብሻል እህቴ፣ ግን ትከፍያለሽ።

እናቴን ይዤ ነው የምሄደው፤ ጉልበቷን ያማታል። ዳገቱን ትችለዋለች?

ቁልቁለቱ ነው ይበልጥ የሚጎዳቸው። ቡክቾንን ይተዉትና በቹንግሙሮ ባቡር ጣቢያ ወርደው ወደ ናምሳንጎል ይውሰዷቸው። ከተለያየ ቦታ የመጡ አምስት ቤቶች የቆሙበት ግቢ ነው፤ መግቢያው ነጻ ነው፣ የሚኖርበት ሰው ስለሌለም እንደልብ ይቀመጣሉ። ጉልበታቸው ጥሩ በሆነበት ቀን ግን በቡክቾን የቤክ ኢንጄን ቤት ብቻ ያሳዩአቸው። እ.ኤ.አ. በ1913 የተሠራ የሀብታም ቤት ነው፤ የወንዶቹና የሴቶቹ ክፍል በውስጥ መተላለፊያ የተያያዘ ነው፣ በዘመኑ ያልተለመደ ነበር። ሰኞ ዝግ ነው።

አያቴ በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የቃኘው ሻለቃ አባል ነበሩ። የእነሱ መታሰቢያ ሴኡል ነው?

ቹንቾን በምትባለው ከተማ ነው፤ ከሴኡል በባቡር ደርሰው በዕለቱ ይመለሳሉ። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እዚያው ነበሩ። አጠገቡም የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ አለ።

አንድ ሌሊት ሃኖክ ውስጥ ማደር ያስወጣውን ያህል ያዋጣል?

ያዋጣል፣ ወለል ላይ መተኛት ከቻላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ አልጋ የለም፤ ፍራሹ ማታ ይነጠፋል፣ ጠዋት ይታጠፋል። በሩ ወረቀት ስለሆነ የጎረቤት ሳል ይሰማል፤ የእናንተም ለእሱ እንዲሁ። ሻንጣችሁን ግን በእጃችሁ ተሸከሙት። ጎማው በዚያ ጠባብ መንገድ ሌሊት ሲንኳኳ ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል።