መልስ፦ የሰሜን ኮሪያ ተፈናቃዮች ደቡብ የደረሱት እንዴት ነው?

ወንድሜ፣ «ከሰሜን የሸሹት በእግር ነው ወይስ በመርከብ ደቡብ የገቡት?» ብለህ ነበር። በሁለቱም ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 መጨረሻ የቻይና ጦር የኮሪያ ጦርነት ውስጥ ሲገባ እጅግ ብዙ ሕዝብ በዚያ ብርድ ልጁን አዝሎ፣ ዕቃውን ተሸክሞ በእግሩ ተሰደደ። በመርከብ የወጡት ደግሞ በብዛት በሰሜን ኮሪያ ምሥራቃዊ ጠረፍ ከሚገኘው የሁንግናም ወደብ ነው።

የሁንግናሙን ነገር በደንብ ማወቅ አለብህ። መርከቦቹ የመጡት በቻይና ጦር ተከብቦ የነበረውን የአሜሪካና የአጋሮቿን ጦር ለማውጣት እንጂ ለሲቪሉ አልነበረም። ህዮን ቦንግሃክ የተባለ ኮሪያዊ ሐኪም የዚያን ጦር አዛዥ አሜሪካዊውን ጄኔራል አልሞንድን ደጋግሞ ለመነ፤ በመጨረሻም ወደ 100,000 የሚጠጋ ሰው ተሳፈረ። ሜሬዲዝ ቪክቶሪ የተባለችው የጭነት መርከብ ብቻዋን 14,000 ያህል ሰው ጫነች፤ የተሠራችው ግን ከሠራተኞቿ ሌላ ለ12 መንገደኞች ነበር! ምግብና ማሞቂያ አልነበረም ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ በገና ሰሞን በደቡብ ኮሪያ ወዳለችው ኮጄ ደሴት ስትደርስ የሞተ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም በጉዞው ላይ አምስት ሕፃናት ተወልደዋል።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን የቀሩት ናቸው። ብዙዎች «ቶሎ እንመለሳለን» ብለው ወላጅ፣ ሚስት፣ ልጅ ትተው ወጡ፤ ከዚያ ድንበሩ ተዘጋ። በደቡብ ውስጥ እንኳ የተጠፋፋው ብዙ ነው። በ1983 የደቡብ ኮሪያው ኬቢኤስ ቴሌቪዥን ለ138 ቀናት ዘመድ የማፈላለጊያ ስርጭት አካሂዶ ወደ 10,000 የሚጠጉ ቤተሰቦችን አገናኝቷል። የስርጭቱ ቅጂዎች በ2015 በዩኔስኮ «የዓለም ትውስታ» መዝገብ ውስጥ ገብተዋል፤ ፈልገህ ተመልከታቸው።